ነጠላዬን የገፈፉኝ ሰሞን

ሰኞ፣ ግንቦት 8

ነጠላዬን አስወለቁኝ። ገና ዶማውን ሳላነሳ ጣልያኑ ካቦ በዱላው ጫፍ ከራሴ ላይ ገፎ ከድንጋዩ ክምር ላይ ጣለው። አስተርጓሚው ጮኾ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ፊቱን ተሸፋፍኖ የሚሠራ ሰው የለም!" አለ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት በጋቢዋ ውስጥ ጥይት ደብቃ ወደ ዱር ልታሳልፍ ስትል ተይዛለች። በእሷ ምክንያት ትእዛዙ ለሁላችን ሆነ። ለሌላዋ ሴት ነጠላ ማውለቅ ኀፍረት ነው። ለእኔ ቃጠሎ ነው።

ከእናቴ ማኅፀን ነጭ ሆኜ የወጣሁ ነኝ። እናቴ ጠይም ናት፣ አባቴም ጠይም ነበሩ። ጠጉሬ የጤፍ ገለባ ይመስላል። ዓይኔ ብርሃን አይችልም፤ ይህንንም የምጽፈው አፍንጫዬን ከወረቀቱ አስነክቼ ነው። ሌላው ሰው ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል። እኔ እቀላለሁ፣ ከዚያ እላጣለሁ፣ ከዚያ እቆስላለሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ይህን ከልጅነቴ ዐውቀው ከደጅ ሥራ ከለከሉኝ። ፊደል የቆጠርኩትም በዚሁ ሰበብ ነው፤ ቤት የምትውል ልጅ ምን ትሥራ ብለው። ጧት ሳልሸፋፈን እግሬ ከደጃፍ አያልፍም ነበር። "ፀሐይ በየቀኑ ትወጣለች፤ አንቺም በየቀኑ ተሸፈኚ። ዛሬ የረሳሽውን ነገ አትክሺውም" ይሉኝ ነበር።

አባቴ አሁን የሉም። ወንድሜ አበጀ ዱር ቤቴ ካለ ዓመት አልፎታል። እናቴን ቁርጥማት ጉልበቷን ይዟታል። ጣልያን ደግሞ ለመኪናው መንገድ ከየቤቱ አንድ ሰው ይምጣ ብሏል። ከእኛ ቤት የሚወጣ ሰው እኔው ነኝ።

ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስፈልጥ ዋልኩ። በሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና አልነበረችም። አሁን ቤት ውስጥ ተቀምጬ ፊቴ እሳት ዳር እንዳለ ይግላል። እሳት ግን አልነደደም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

ዓይኔ አብጦ በግድ ተከፈተ። አንገቴ አይዞርም። እናቴ ማታ ቅቤ ቀብታኝ ነበር፤ ጧትም ደገመችልኝ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ቅቤው ቀልጦ እንደ ሥጋ ጠበሰኝ።

ቅቤ፦ ሁለተኛ አይለምደኝም።
እሬት፦ ማታ ያበርዳል፣ ቀን አያድንም።
ጭቃ፦ ፊቴን ለቀለቅሁት። ደህና ነበር፤ ላቡ አጥቦ ወሰደው። ሰዉም ሳቀ።
የዋንዛ ቅጠል፦ ግንባሬ ላይ በክር አስሬው ነበር። ካቦው ነቀለው።
የእትዬ ዘይነባ ጥላ፦ ይሄ ሠራ።

እትዬ ዘይነባ ጎረቤታችን ናት፤ የሸማኔው ሚስት። ባሏ ስለታመመ ከቤታቸው የምትወጣው እሷ ናት። ረጅም ናት፣ ትከሻዋም ሰፊ ነው። ዛሬ አየችኝና በፀሐይዋ በኩል መጥታ ቆመች። "ነይ፣ በኔ ጥላ ግቢ" አለችኝ። ፀሐይዋ ስትዞር እሷም አብራ ትዞራለች። "ወላሂ፣ አላህ ይህን ገላ ለምን እንደሰጠኝ ዛሬ ገባኝ፤ ዳስ ልሆንልሽ ኖሯል" ስትል ሳቅኩ። ስስቅ ከንፈሬ ተሰነጠቀ።

እኩለ ቀን ላይ ግን የሰው ጥላ ከራሱ እግር ሥር ይገባል። ያን ጊዜ ማንም ለማንም አይሆንም።

ጉንጬ ላይ፣ ከጆሮዬ አጠገብ፣ ከገና ወዲህ አልድን ያለ ቁስል አለ። ዛሬ ደማ። ለእናቴ አላሳየኋትም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 10

ወደቅሁ። ድንጋዩን ስፈልጥ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የድንኳን ጣራ ነው። የጣልያኑ ሐኪም ድንኳን። እትዬ ዘይነባ ተሸክማ ነው ያመጣችኝ፤ በር የሚጠብቀው አስካሪ፣ የጣልያን ጥቁር ወታደር፣ ግን ወደ ውስጥ አላስገባትም።

ሐኪሙ ጢሙ ቀይ ነው። አፍንጫው እንደ እኔው ተልጧል። እንዳየኝ ወታደሮቹን ጠራ። መጥተው ከበቡኝ። አንዱ ክንዱን ከክንዴ ጎን አድርጎ አመሳሰለና ሁሉም ሳቁ። ሐኪሙ ራሴን በክር ለካ፣ ጠጉሬን ገለጠ፣ ፎቶግራፍ አስነሣኝ። ገበያ ላይ ጥርሷ እንደሚታይ በቅሎ ቆምኩ። አስተርጓሚው የጎንደር ሰው ነው፤ እየሳቀ "ከእኛ ትነጫለሽ ይልሻል" አለኝ። "ከእኛ" አለ፤ እሱም እንደነሱ ነጭ የሆነ ይመስል።

ከዚያ ሐኪሙ ቁስሌን አየ። ሳቁን አቆመ። ወታደሮቹን አስወጣቸው። ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚውም አሳጥሮ ነገረኝ። ይህን ያመጣው ፀሐይ ነው አለ። ካልተቆረጠ ወደ ውስጥ እየበላ ይሄዳል፤ መሣሪያው ሲመጣለት ይቆርጥልኛል። በቆርቆሮ ዕቃ ነጭ ቅባት ሰጠኝ። "ጧት ጧት፣ ከቤት ሳትወጪ ተቀቢ። ቀትር ላይ ድገሚ። ደመና ነው ብለሽ አትተዪ፤ ፀሐይ ደመናውን አልፋ ትመታለች።"

"አባቴም እንዲሁ ይሉኝ ነበር" አልኩ። አስተርጓሚው አልተረጎመውም።

ስወጣ ደግሞ ጠርዙ የተሰበረ የቡሽ ባርኔጣ ከጥግ አንሥቶ ራሴ ላይ ደፋልኝ። ካቦውን ጠርቶ፣ ባርኔጣ ውስጥ ጥይት አይደበቅም፣ ተዋት አለው።

ነጠላዬን የገፈፈኝ ጣልያን፣ ባርኔጣ የደፋልኝም ጣልያን። ማንን ልርገም፣ ማንን ላመስግን?

ሐሙስ፣ ግንቦት 11

ዛሬ አልተቃጠልኩም! ጧት ተቀባሁ፣ ቀትር ላይ ደገምኩ፣ ባርኔጣውን አላወለቅኩም። ማታ ፊቴን ስነካው ፊት ነው። እንደ ሰው ቀዝቃዛ። ይህችን ደስታ መጀመሪያ ልጻፋት፤ ከዚህ በታች ደስታ የለምና።

መንገዱ ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ አየኝ። ነጭ ፊት፣ ነጭ ቅባት፣ የጣልያን ባርኔጣ። አንድ ሽማግሌ ከእኔ ጋር አንድ ድንጋይ ላይ አልሠራም ብለው ዶማቸውን ይዘው ራቁ። "ጣልያኒቱ" የሚል ከኋላዬ ሰማሁ። ድሮ "ለምጣም" ይሉኝ ነበር፤ እሱን ለምጄው ነበር። ስመለስ ከምንጩ ወረድኩ። ሴቶቹ እንስራቸውን ከእንስራዬ አራቁ። አንዷ፣ በልጅነቷ እናቴ ያሳደገቻት፣ ምራቋን ተፋች። ሌሊት ከማን ድንኳን እንደማድር ተነጋገሩ። እኔ እየሰማሁ።

እትዬ ዘይነባ ብቻ፣ "ይበሉ። ፀሐይ ስትበላሽ ዝም ያለ አፍ፣ ስትድኚ ይናገር" አለችኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ባርኔጣውን ከራሴ አንሥታ ወደ ግቢው ወረወረችው።

"የልጄን ደም የሚፈልግ ሰው ባርኔጣ ከቤቴ አይገባም።"

"እማ፣ እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?" አልኳት።

"ቅባቱንም ጣይው። አንድ ጊዜ በክርስትናሽ ሜሮን ተቀብተሻል፤ ሌላ ቅባት ምን ያደርግልሻል?"

"ሜሮኑ ለነፍሴ ነው። ይሄ ለፊቴ ነው።"

ጀርባዋን ሰጥታኝ ጋደም አለች። ቁስሌን በኩራዙ ብርሃን ላሳያት ፈለግኩ፤ እንቢ ብላ አልዞር አለች። እኔም ባርኔጣውን ከግቢ አንሥቼ ከአጥሩ ሥር ሸሸግኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 12፣ ሚካኤል

በሚካኤል ቀን ድንጋይ አስፈለጡን። ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ።



ረፋድ ላይ ሐኪሙ በመኪና መጣ። ሌሎች በሽተኞችን ሲያይ ቆይቶ እኔ ዘንድ ደረሰ። ቅባቱን መቀባቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ያለው ይመስላል። ቁስሉን በብርሃን ሊያየው ፈልጎ በእጁ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ ጋራው አዞረው። ባርኔጣዬን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ትንፋሹ ትንባሆ ትንባሆ ይላል።

የጥይቱን ድምፅ የሰማሁት እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። አገጬን እንደያዘ ወደ እኔ ተደፋ፤ ከዚያ ተንሸራቶ ጠጠሩ ላይ ወደቀ። አንገቱ ላይ ነው የተመታው። ሰዉ "ተኩስ! ተኩስ!" እያለ ተበተነ። ካቦው ከድንጋዩ ክምር ኋላ ተኛ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። መሮጥ አልመጣልኝም። እትዬ ዘይነባ ቀሚሴን ይዛ ወደ መሬት ስትጎትተኝ ሁለተኛዋ ጥይት ከኋላዬ ያለውን ድንጋይ ፈለጠችው።

በደረቴ ተኝቼ ሐኪሙን ፊት ለፊት አየሁት። ዓይኑ ክፍት ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚል አላውቅም፤ የሚተረጉምልኝ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13

ሞተ። ወደ ጎንደር ሲወስዱት መኪናው ላይ ነው አሉ። ድንኳኑን ጧት አፈረሱት።

ከጋራው ሥር ያለችውን መንደር አቃጠሉ። ጭሱ እስከ ቀትር ይታይ ነበር። ሰዎቹ ቀደም ብለው ሸሽተዋል ይባላል፤ ከብቱ ግን አልሸሸም። የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል።

መንገዱ ላይ ሰዉ በሹክሹክታ "እሰይ፣ እጁን ይባርከው" ይላል። እኔ እሰይ ማለት አልቻልኩም። ማልቀስም አልቻልኩም፤ ለማን ብዬ? አገሬን ሊገዛ የመጣ ሰው ነው፤ እንደ በቅሎ ያሳየኝ ሰው ነው። ቁስሌን አይቶ ሳቁን ያቆመውም እሱ ነው። ከእሱ በፊት ያንን ያደረገ ሌላ ሰው አላውቅም፤ ከአባቴ በቀር። አሁን የሚቆርጥልኝ የለም።

ጣልያኖቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ከሩቅ እንዳይለዩ ነው። ካቦው ባዶ ራሱን ሲዞር ውሎ ማታ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ አየሁት። አላለኝም። እንዴት እንደሚያቃጥለው ዐውቃለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 14

ወንድሜን አየሁት!

ከቅዳሴ በኋላ በደብረ ታቦር ኢየሱስ ደጃፍ ነዳያኑ መሐል ቡትቶ ለብሶ ተቀምጧል። "ስለ ወላዲተ አምላክ" ሲል ድምፁን ዐወቅሁት። ዳቦ የምሰጠው መስዬ አጎነበስኩ። ከስቷል፣ ጠጉሩ ጎፍሯል።

"ወንድም ጋሼ።"

"ዝቅ በይ። እማ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ፊትሽን ምን አገኘው?"

ስለ መንገዱ ነገርኩት። ስለ ነጠላው፣ ስለ ሐኪሙ ቅባት፣ ስለ ባርኔጣው። ባርኔጣ ስል እጁ ዳቦው ላይ ቆመ።

"የሚካኤል ዕለት የት ነበርሽ?" አለኝ።

"ከሐኪሙ ጋር ቆሜ ነበር። አገጬን ይዞ…"

ሰዎች በአጠገባችን እየተሳለሙ ያልፋሉ። ቀና ብሎ አላየኝም።

"ከጋራው ላይ ሁለት ባርኔጣ አብረው ቆመው አየሁ። ሁለት ነጭ ፊት። ረጅሙን አስቀደምኩ።"

"ሁለተኛዋስ ጥይት?"

"ለአጭሩ ነበረች።"

ዳቦውን አልበላውም። ሁለታችንም አላለቀስንም፤ ሰው ይበዛ ነበር። ቆይቶ "ይታይሽ፣ ይቅር በይኝ" አለኝ። "አንተ አላወቅህም" አልኩት። እውነት ነው፣ አላወቀም። ግን አፌ ይህን ሲል እዚያው ነዳያኑ መሐል ተቀመጥኩ። አንዲት ዕውር አሮጊት እጄን ዳብሰው "አይዞሽ ልጄ፣ ከየት ነሽ?" አሉኝ። ከዚሁ ነኝ አልኩ።

ከመንገዱ ሥራ ጥፊ አለኝ። ጣራ ገዳም የእናታችን የአክስት ልጅ መነኩሲት አሉ። "ደን ነው። ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይዋ መሬት አትነካም። ነገ ሲነጋ ተሳላሚዎች ይሄዳሉ፤ ከነሱ ጋር ተቀላቀይ።"

"እኔ ስጠፋ እማን ወደ መንገዱ ይወስዷታል። ወይ ቤቱን ያቃጥሉታል።"

ዳቦውን ቡትቶው ውስጥ ሸጎጠ። የሚገድልበት እንጂ የሚመልስበት የለውም፣ ወንድሜ።

ሰኞ፣ ግንቦት 15

ንጋት ነው፤ ቸኩያለሁ።

መላውን ያመጣችው እትዬ ዘይነባ ናት። ትናንት ቤታችን መጥታ ከእናቴ ጋር ተቀመጠች። "ታማ፣ አንበሳሜ ያለች አክስቷ ዘንድ ሄደች እንላለን። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መርዶ መጣ እንላለን። ፀሐይ ገደላት ብል ካቦው ያምነኛል፤ ስትወድቅ በዓይኑ አይቷል። ልጇ ለሞተባት አሮጊት ጭቃ ሹሙም ቢሆን ይራራል።"

እናቴ፣ "በሕይወት ላለች ልጄ ልልቀስ?" አለች።

"አዎ። ካልሆነ ቆይተሽ በእውነት ታለቅሻለሽ።"

እናቴ እስከዚያ ድረስ ቁስሌን አላየችውም ነበር። ዘይነባ ስትወጣ "አምጪው" አለችኝ። ጠጉሬን ገልጣ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቅባቱን ከደበቅሁበት እንድሰጣት ጠየቀችና በራሷ ጣት ቀባችኝ፤ ጆሮዬን፣ አንገቴን፣ የእጄን ጀርባ ሳይቀር። ጣቷ ሻካራ ነው።

ተሳላሚዎቹ እየጠሩ ነው። ባርኔጣውን እዚሁ እቀብረዋለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 18፣ ጣራ ገዳም

ደረስኩ። የተጓዝነው ጧትና ወደ ማታ ብቻ ነው፤ ቀትር ቀትር ላይ ተሳላሚዎቹ ስለ እኔ ብለው ከዛፍ ሥር ያርፉ ነበር። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ሄድኩ፤ ማንም አውልቂ አላለኝም።

እማሆይ ተቀብለውኛል። ጥንታዊ ዛፎች ናቸው፤ ከሥራቸው ብርሃኑ አረንጓዴ ነው። ዓይኔን ሳላጨናብስ ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። በሕይወቴ በቀን ይህን ያህል አይቼ አላውቅም። እህል ማበጠሩና መጻሕፍቱን ማንበቡ ሥራዬ ይሁን ብለዋል።

ቁስሉ አለ። ቅባቱ እያለቀ ነው። ሲያልቅ የሚቀረኝ ነጠላዬና ዛፉ ነው። አንድ አባት አይተውት ጸበል ይሞከር አሉ፤ እሺ አልኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 21፣ ማርያም

ከደብረ ታቦር ተሳላሚ መጣ። አንዲት ሴት ናት፤ አላወቀችኝም፣ ተከናንቤ ነበር። እማሆይ ስለ ሰፈራችን ሲጠይቋት ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

"የመሪጌታ ልጅ ሞተች" አለች።

መርዶው ዓርብ ነው የተረዳ። አገር ለቅሶ ተቀመጠ አለች። ምንጩ ላይ የተፋችብኝ ሴት ደረቷን እየደቃች፣ "ይታይሽ፣ የቤት እመቤት፣ ፊደል ዐዋቂዋ" እያለች አልቅሳለች። ዶማቸውን ይዘው የራቁት ሽማግሌ ለእናቴ እህል አምጥተዋል። "እስላሟ ዘይነባ ግን ከሁሉ በለጠች፤ ሰው ሁሉ የሷን ለቅሶ አይቶ አለቀሰ።"

በቁሜ ስሜን የሚጠራ አልነበረም። ስሞት ሁሉም ዐወቁት።

"እናቲቱስ?" አሉ እማሆይ።

"እሳቸውማ ምን ልበልዎት። ቁጭ ብለው አንዲት እንባ አላፈሰሱም። ሰዉ ልባቸው ደነደነ፣ ድሮም በልጃቸው ያፍሩ ነበር እያለ ያማቸዋል።"

አፌን በነጠላዬ ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ። እናቴ የውሸት እንባ አታውቅም። እኔን ብላ የአገሩን ሐሜት ተሸክማ ተቀምጣለች።

ወደ መንገዱ ጠርተዋት እንደሆን ሴትየዋ አልተናገረችም፤ እማሆይም አልጠየቋትም። ልግባና ልጠይቃት ብዬ ሦስት ጊዜ እስከ ደጃፉ ሄድኩ። የሞተ ሰው አይጠይቅም።